ቁልፍ የሌለው ባቡር

አቶ ወንዳፍራሽ የተገደሉት ተንበርክከው ነበር።

ኢንስፔክተር ቦጂያን ከደሙ ይልቅ ያስቸገረው ይህ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ያለፋቸው፣ ያለ ከዘራ ደረጃ የማይወጡ ሽማግሌ የሳሎናቸውን ምንጣፍ ወደ ዳር ገፍተው፣ ሊሾው ላይ በጉልበታቸው ወርደው የልጅ መጫወቻ ሐዲድ ሲገጣጥሙ ነበር። የቆርቆሮው ሐዲድ ክብ ሠርቶ ሊዘጋ አንድ ቁራጭ ቀርቶታል። ቁራጩ ቀኝ እጃቸው ውስጥ ነው። የተመቱት ከኋላ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ነው።

«የመታው ሰው ጉልበት ያለው አይመስለኝም» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ደጋግሞ ነው የመታው። በከባድ ነገር፣ ምናልባት በመዶሻ። ሽማግሌው ግን ቀና ለማለት እንኳን ጊዜ አላገኙም።»

ሳጅን ኢክላስ ቤቱን ዞራ ጨርሳ ነበር። ቤቱ ከሰበታ ዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። «በሩ አልተሰበረም» አለች። «ስልካቸው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ የመኝታ ቤቱ መሳቢያ አልተነካም። መዶሻ የሚባል ነገር ግን የለም። የጠፋው ከዚህ ነው።»

የቡፌውን የላይኛ መደብ አሳየችው። የመስታወቱ በር በቁልፍ ተከፍቷል። አቧራው ላይ ረዘም ያለ ንጹሕ ቦታ ይታያል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ስኒና የተቆረሰ ኬክ ነበር። አንዱ ስኒ ተጠጥቷል። ሌላው ሞልቶ ቀዝቅዟል።

«እንግዳው ምንም አልቀመሰም» አለ ቦጂያ።

ሬሳውን ያገኘችው የቤት ሠራተኛዋ ፀዲ ናት። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ወጣት ስትሆን እሁድ እሁድ ጠዋት ቸርች ትሄዳለች። ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ እጇን እያፋተገች መለሰችለት።

«እንግዳው ማን ነበር፣ ፀዲ?»

«አላውቅም። አባባ ትናንት ‹እንግዳ አለኝ› ብለው ኬክ አስገዙኝ። ጢማቸውን ተላጩ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ነበር የሰነበቱት።»

«ከቡፌው የጠፋው ምንድን ነው?»

«ባቡሩ ነዋ። ያውና።»

ግድግዳው ላይ አዲስ ፍሬም የገባለት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የልደት ኬክ ፊት የቆመ ትንሽ ልጅ ይስቃል። ከኋላው ጎፈሬው የተከመረ ወጣት ወንዳፍራሽ እጁን የልጁ ትከሻ ላይ አድርጓል። ኬኩ አጠገብ አረንጓዴ የመጫወቻ ባቡር ቆሟል። ጭስ ማውጫው እንደ ወርቅ ቢጫ ነው።

«በትክክል ይሄ ነው?»

«በትክክል። እንዲህ አረንጓዴ፣ ጭስ ማውጫው ቢጫ።»

«ይሄድ ነበር?»

«አይሄድም። መሙያ ቁልፍ የለውም። የጋሽ ዘርሁን ልጆች ሲመጡ በእጃቸው ነው የሚገፉት።»

ቦጂያ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ በብብቱ ያዘው።

*

ዘርሁን ወንዳፍራሽ የሟቹ አንድ ልጅ ነው። ቡራዩ ይኖራል፤ ገላን ውስጥ መጋዘን አለው። ጣቢያው ሲደርስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

«ይሄን ያደረገውን ሰው ስሙን ብቻ ንገሩኝ» አለ። «ሌላውን ለእኔ ተዉት።»

«ሌላውን ለእርስዎ አንተውም። እሁድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ገላን። መጋዘን።»

«ከአባትዎ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ፉሪ ያለውን መሬት እንሽጥ እላለሁ፣ እምቢ ይላል። ጠብ ከተባለ ይሄው ነው።» ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «እኔን ከምትጠይቁ አብዱረዛቅን ጠይቁ። ዓለም ገና አሮጌ ዕቃ የሚነግደውን። ያን ባቡር ካልወሰድኩ ብሎ ዓመት ሙሉ አባቴን አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ነበር። አባቴ በመጨረሻ ከግቢው አስወጥቶታል።»

ሰውየው ከወጣ በኋላ ኢክላስ ገላን ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«የመጋዘኑ ጥበቃ እሁድ ዕለት ጋሽ ዘርሁንን ጨርሶ አላየሁም ይላል።»

*

የአብዱረዛቅ ሱቅ ውስጥ ለመግባት በአሮጌ ሬዲዮኖችና በተደረደሩ ግራሞፎኖች መካከል በጎን ማለፍ ያስፈልጋል። ሰውየው ወፍራም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበላቸው።

«ሰማሁ» አለ። «እሁድ ወልቂጤ ነበርኩ፣ የእህቴ ባል ቀብር ላይ። ስልክ ቁጥር እሰጣችኋለሁ፣ ለፈለጋችሁት ሰው ደውሉ። ኦቦ ቦጂያ፣ ለመጫወቻ ብዬ ሰው አልገድልም።»

ኢክላስ ወጥታ ልትደውል ሄደች። ቦጂያ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አጋደመው።

«ስለ ባቡሩ ንገረኝ።»

አብዱረዛቅ መነጽሩን አወረደና አጎንብሶ አየ። ድምፁ ተለወጠ፤ የሚወደውን ነገር እንደሚያወራ ሰው ረጋ አለ።

«የአውሮፓ ሥራ ነው። ቆርቆሮ። እንደ ድሮ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ። ይሄ ጎኑ ላይ ያለው ቀዳዳ የቁልፉ ነው። የፊት መብራቱን አየኸው? አንዱ የለም። ፉርጎዎቹ የሚያያዙበት መንጠቆ ደግሞ የድሮው ዓይነት ነው፣ በኋላ ቀርቷል። ጭስ ማውጫው ግን የፋብሪካ አይደለም። የፋብሪካው ስስ ቆርቆሮ ነው። ይሄ ነሐስ ነው፣ አንድ ባለሙያ በቶርኖ አውጥቶ የተካው። አረንጓዴውንም ሰው ነው የቀባው። እኔ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ የተጫረበት ቦታ ከሥር ቀይ ነው።»

«በመጀመሪያ ቀይ ነበር ማለት ነው?»

«ይሄ ዓይነት ከፋብሪካ የሚወጣው በቀይና በጥቁር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ አረንጓዴ አታገኝም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ወንዳፍራሽ ቤት ነበር። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ‹ከአንድ ልጅ› ብለው ይስቃሉ።»

ቦጂያ ፎቶውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አብዱረዛቅ ፍሬሙን ያዝ አደረገው።

«አንድ ጊዜ። ይሄ ዘርሁን ነው አይደል? አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ማን ነው ልደትን በባለቀለም ፊልም የሚያነሳው?» አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረውም። «ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ቀለሙ አሁን ነው የተቀባው። በኮምፒውተር።»

ፍሬሙን ገለበጡት። ከጀርባው አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፦ ኤልሳቤት ፎቶ፣ ቡራዩ።

ኢክላስ ተመለሰች። ቀብሩ ላይ አብዱረዛቅ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እንደነበር ሦስት ሰው አረጋግጦላታል።

ወደ መኪናው ሄዱ። ቦጂያ በሩን ከፍቶ ሳይገባ ቆመ።

«ባቡሩ አይሄድም። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ። ታዲያ ለማይሄድ ባቡር በዚያ ጉልበታቸው ወርደው ሐዲድ የሚዘረጉት ለምንድን ነው?»

ኢክላስ አሰበች። «ቁልፍ የያዘ ሰው ከመጣ ነዋ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ሊኖር ይችላል?»

«ከእሳቸው በፊት ባቡሩ የነበረው ሰው ጋ» አለች ኢክላስ ቀስ ብላ።

*

ኤልሳቤት ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ስቱዲዮዋ ከቡራዩ ታክሲ ተራ ፊት ለፊት ነው። ግድግዳው በሙሽሮችና በተመራቂዎች ተሞልቷል። ፎቶውን ስታይ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«የኔ ሥራ ነው» አለች። «ልጃቸው ነው ያመጣው። ተቀዶ ነበር፣ አደስኩት፣ ቀለም ሰጠሁት።»

«ሽማግሌውን ያውቋቸዋል?»

«በአካል አይቻቸው አላውቅም። ፎቶው ሲደርሳቸው ደውለው አመስግነውኛል።»

«ቀለሙን ከየት ያመጡታል?»

«ለፊት፣ ለልብስ ልምድ አለኝ። ለሌላው ባለቤቱን እጠይቃለሁ።»

«ባቡሩ አረንጓዴ እንደሆነስ?»

«ነግረውኛል» አለች ወዲያው።

ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቦጂያ አመስግኖ ወጣ። መልሷ አሳማኝ ነበር። መንገድ ላይ ግን ማን እንደነገራት እንዳልጠየቃት ትዝ አለው።

*

ዘርሁን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ እንደ ፊተኛው አልፎከረም።

«ገላን አልነበሩም» አለው ቦጂያ።

ዘርሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ፉሪ ነበርኩ። መሬቱን ለገዢ እያሳየሁ። አባቴ ሳያውቅ። እሱ ቤቱ ውስጥ ሲደበደብ እኔ መሬቱን በእርምጃ እለካ ነበር። ይሄን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?»

ገዢው ተጠራ፤ ደላላውም ተጠራ። ሁለቱም ከማለዳ እስከ ምሳ አብረውት እንደነበሩ ተናገሩ። ቦጂያ ተመልሶ ገባና ፎቶውን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ይህን እርስዎ ነዎት ስቱዲዮ የወሰዱት?»

«እኔ ነኝ። ለልደቱ ስጦታ ላደርግለት ደብቄ ነው የወሰድኩት።»

«ሴትዮዋ ስለ ቀለሙ ጠየቀችዎት?»

«ሸሚዜ ምን ዓይነት እንደነበረ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት፣ እንደመሰለሽ አድርጊው።»

«ስለ ባቡሩስ?»

«ስለ ባቡሩ አልጠየቀችኝም።» ዘርሁን ቀና አለ። «ሳመጣለት አባቴ እንባው መጣ። ‹አረንጓዴውን እንዴት አወቀችው?› አለ። እኔ የነገርኳት መሰለው። እኔ ደግሞ እሱ ደውሎ የነገራት መስሎኝ ነበር።»

«የደወሉላት ፎቶው ከመጣ በኋላ ነው።»

«አዎ። ሊያመሰግናት። በኋላ እሷ መልሳ ስትደውልለት ደግሞ በጣም ደስ አለው። ‹ቁልፍ ያለው ሰው ታውቃለች› አለኝ።»

የዘርሁን ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እሷ ናት?» አለ።

«ቤትዎ ይሂዱ» አለው ቦጂያ። «ከቤትዎም አይውጡ።»

*

በማግሥቱ ስቱዲዮው ሲከፈት ቦጂያና ኢክላስ በሩ ላይ ነበሩ። ቦጂያ ከአቶ ወንዳፍራሽ መሳቢያ የተገኘውን ዋናውን ፎቶ፣ ጥቁርና ነጩን፣ ከባለቀለሙ አጠገብ አደረገው።

«ይህን አይተው አረንጓዴ ነው ሊሉ የሚችሉት ባቡሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ብቻ ናቸው። እርስዎ ደግሞ ቤቱ ገብተው አያውቁም። ልጃቸው አልነገረዎትም። ሽማግሌው የደወሉት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የት ነው ያዩት?»

ኤልሳቤት ሁለቱን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ሦስተኛ ፎቶ አወጣች፤ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ፎቶ ነው። ቁምጣ የለበሰ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሕፃን ልጅ አለች። በመካከላቸው ያው ባቡር ቆሟል። አንድ መብራቱ የለም። ጭስ ማውጫው ወፍራም ነው።

«ሕፃኗ እኔ ነኝ» አለች። «ልጁ ወንድሜ ቲቶ ነው። አባቴ ተረፈ ይባላል፤ ለገሃር የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ባቡሩን አንድ ፈረንጅ አለቃው ተሰብሮ ሊጥለው ሲል ነው ያገኘው። ጭስ ማውጫውን እሱ ሠራለት፤ ቀለሙንም እሱ ቀባው፣ ከፉርጎ በቀረ ቀለም። የሰውየው ልጅ ፎቶውን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ ያየሁት መብራቱን ነው። ከዚያ ጭስ ማውጫውን። ከዚያ ከልጁ ኋላ የቆመውን ሰው።»

«አቶ ወንዳፍራሽን።»

«እኛ የምናውቀው ጓድ ወንዴ ብለን ነው። በቀይ ሽብር የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ። ሙሉ ስሙን ሳናውቅ ነው የኖርነው። ስንፈልገው የነበረው በቅጽል ስም ነበር።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። እሰሩኝ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሄድኩ፣ አስገባኝ፣ መታሁት።»

«የት ተቀምጠው ነበር?»

«ሶፋው ላይ።»

ኢክላስና ቦጂያ ተያዩ።

«ኤልሳቤት» አለች ኢክላስ፣ «እሁድ ጠዋት እዚሁ ቡራዩ ሠርግ ሲቀርጹ ነበር። ቪዲዮውን ትናንት ማታ ሙሽሮቹ ቤት አየሁት። ከሙሽሪት ቤት እስከ ምሳው ድምፅዎ አለበት፣ ‹ወደዚህ ዙሩ፣ ወደዚህ እዩ› እያሉ።»

ኤልሳቤት ትንሿን ፎቶ ወደ ራሷ ሳበቻት።

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» አለ ቦጂያ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈረሰ። «ተዉአት» አለች። «ሰማንያ ዓመት አልፏታል። እኔን ውሰዱኝና ተዉአት።»

*

ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ብርዱ ገና አልተነሳም ነበር። በአስፋልቱ ዳር ሯጮች ተከታትለው ያልፋሉ። የኤልሳቤት እናት ወይዘሮ ማሪቱ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበች ሁለት ክፍል ቤታቸው በር ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ከሰበታ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ፣ እማማ» አለ ቦጂያ።

«ቆያችሁ» አሉ። «ግቡ።»

ባቡሩ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አረንጓዴው ራስና ሁለቱ ፉርጎዎች። አጠገቡ አጭር እጀታ ያለው መዶሻ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የተረፈ መዶሻ ነው» አሉ። «አላጠብኩትም። ትፈልጉታላችሁ ብዬ።»

ኢክላስ ጓንቷን አድርጋ ወሰደችው። ቦጂያ የተጠቆመለት በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሊናገሩት የሚፈልጉትን በፈቃዳቸው እንዲናገሩ ነገራቸው። ፈቃዳቸው እንደሆነ ተናገሩ።

«ባሌን ጥር ላይ ወሰዱት፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። ቲቶ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስንቅ የሚያመላልሰው እሱ ነው፣ እኔ ከሄድኩ እንዳያስቀሩኝ ብለን። ሳህኑን ይቀበሉታል፣ ባዶውን ይመልሱለታል። ልጁ አባቴ በላ ብሎ እየዘለለ ይመጣል። በኋላ አብሮት የታሰረ ሰው ነገረኝ፤ ተረፈን የገደሉት በገባ በማግሥቱ ነው። እንግዲህ ምግቡን ማን ይበላው እንደነበር አስበው።»

«ባቡሩስ?»

«ያ ሰውዬ በር ላይ ሆኖ ልጁን ያጫውተዋል። ‹ባቡር አለህ አሉ› አለው። ‹አምጣውና አባትህን ውሰድ።› ተረፈ ያን ጊዜ ከሞተ ሰንብቷል። ልጄ ሮጦ መጥቶ ባቡሩን ከነሐዲዱ በከረጢት ይዞ ሄደ። ሰጠው። እስኪመሽ ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። በማግሥቱም ሄዶ ቆመ።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። ጋቢያቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉት።

«ቁልፉን ግን አልሰጠውም። ያለ ቁልፍ አይሄድምና አንድ ቀን ይመልሱልኛል ብሎ ኪሱ ውስጥ አስቀረው። ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ አባቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ አለ። ቁልፉን ስለደበቅኩ ነው ያልፈቱት አለ። እኔ አባትህ ያኔ ሞቶ ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ይሰማኛል፣ አዎ እማዬ ይላል፣ አያምነኝም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ቁልፉን ያገኘሁት ትራሱ ሥር ነው።»

ኢክላስ መጻፏን አቆመች። ቦጂያ እንድትቀጥል በዓይኑ ነገራት።

«ልጅዎ ፎቶውን አሳየችዎት።»

«አሳየችኝ። እንደ ነበረው አድርጋ ቀለም ቀብታ ላከችለት። ሲያየው ይደነግጣል፣ ይፈራል ብላ ነው። እሱ ግን ደውሎ አመሰገናት።» የሚያስቅ ነገር እንዳወሩ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «አመሰገናት። ያኔ ነው ‹ቁልፉ ያላት ሴት አውቃለሁ በዪው› ያልኳት። እሷ ባቡሩን ላስመልስ የምሄድ ነው የመሰላት። መዶሻውን አላየችም። ይሄን አስተካክለህ ጻፍልኝ፤ ልጄ አላወቀችም።»

«ይጻፋል።»

«ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። እናቴ ደህና መጡ አለኝ። ሻይ ቀዳልኝ። አልነካሁትም። ቁልፉን ስሰጠው ባቡሩን አውጥቶ ሞላው። ጎማው እጁ ላይ ሲሽከረከር እንደ ሕፃን ሳቀ። ሐዲዱን ካልዘረጋሁ አለና ወረደ።»

«ማን እንደሆኑ አልጠየቁዎትም?»

«እኔ ነገርኩት። እየገጣጠመ ሳለ ከኋላው ቆሜ ‹እኔ የተረፈ ሚስት ነኝ› አልኩት። ዞር ብሎ አላየኝም። ሐዲዱን እየገጠመ ‹የቱ ተረፈ?› አለኝ።»

ከውጭ የሯጮች ኮቴ መጥቶ አለፈ።

«ስንቱን ተረፈ ነው የገደለው?» አሉ ወይዘሮ ማሪቱ። «እኔ ይሄን ሰው ዘመኔን ሙሉ ስረግመው፣ በሕልሜ ስጣላው ኖሬያለሁ። እሱ ጋ እኛ አልነበርንም። ስማችን እንኳን አልነበረም።»

«መዶሻውን ይዘው ነው የሄዱት፣ እማማ።»

«ይዤ ነው። ቢያስታውሰው ኖሮ ምናልባት ባቡሬን ተቀብዬ እወጣ ነበር። ምናልባት። አንተ ግን ምናልባቱን አትጻፍ። ልትገድለው ሄደች፣ ገደለችው ብለህ ጻፍ። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።»

ጫማቸውን ለመቀየር ፈቃድ ጠየቁ። ኢክላስ ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው።

*

ሰበታ ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። ዘርሁን ቤትህ ሁን የተባለውን አልሰማም፤ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በፖሊሶቹ መካከል የሚመጡትን ሲያይ የጠበቃት ሴት አልነበረችምና ግራ ገባው። አንድ ቀጭን አሮጊት ናቸው።

«እኚህ ናቸው?» አለ።

«መንገድ ይልቀቁ፣ አቶ ዘርሁን» አለው ቦጂያ።

ወይዘሮ ማሪቱ ቆሙ። ከታች ወደ ላይ አዩት።

«ልጁ ነህ?»

«ልጁ ነኝ። ምን አደረገዎት? ሽማግሌ ነበር። ተንበርክኮ ከኋላው…»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ አባት ነበረህ» አሉ። «የኔ ልጅ አባት የነበረው ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ምን አውቃለሁ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንተን ያልነካሁህ።»

ይህን ብለው አለፉ። ኢክላስ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ዘርሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቦጂያ በወይዘሮ ማሪቱ ቃል የተጻፈውን፣ ስለ ስንቁም፣ ስለ ባቡሩም፣ ስለ ልጁም፣ ባጭሩ ነገረው። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አላለቀሰም። አባቴ እንዲህ አያደርግም አላለም። ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀና ወደ ውጭ ወጣ። ቦጂያም ተከተለው።

በሩ ላይ ኤልሳቤት ቆማለች። ቃሏን ሰጥታ ተለቅቃ ነበር። ለእናቷ ወፍራም ሹራብ ይዛ መጥታለች። ሁለቱ በጠባቧ በር ፊት ለፊት ተገናኙ። እሱ አልተመለሰም፤ እሷም ዘወር አላለችም።

«እናትሽ አርጅተዋል» አለ ዘርሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሳቸውን ሕጉ ይዟቸዋል። ፎቶውን በእጄ የሰጠሁሽ አንቺን ነው። አመሰግናለሁ ብለሽ ሸኝተሽኝ፣ የአባቴን አድራሻ ከራሱ ተቀብለሽ፣ ገዳይ የላክሽበት አንቺ ነሽ። ስቱዲዮሽን አውቀዋለሁ።»

ኤልሳቤት ሹራቡን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው የምከፍተው» አለች። «ና።»

ቦጂያ በመካከላቸው ገብቶ ቆመ። ሁለቱም በእሱ ትከሻ ላይ ይተያዩ ነበር፤ ከሁለቱም አንዱ ወደ ኋላ አላለም። ኢክላስን ጠራትና መዝገቡ ላይ «ተዘጋ» የሚለውን ገና እንዳትጽፍ ነገራት።